ሰንበትን ብቻውን ማክበር የሚችል የለም

ስለ እረፍት የሚሰጠው ምክር ዛሬ ሞልቷል። ስልክህን ዝጋ፣ በጊዜ ተኛ፣ ለራስህ ጊዜ ስጥ ይባላል። ምክሩ ክፋት የለውም። ግን እረፍትን የአንድ ሰው ጉዳይ አድርጎ ነው የሚያየው፤ ቆራጥ የሆነ ያርፋል፣ ያልሆነ ይደክማል። ሰሜን ሸዋን ለሚያውቅ ሰው ይሄ አይዋጥለትም። እዚህ አገር ሰው በሰንበት ያርፍ የነበረው ቆራጥ ስለሆነ አይደለም። ጎረቤቱም፣ የጎረቤቱ በሬም ስላረፈ ነው።

እሁድ ቀን በመንዝ ወይም በጅሩ ገጠር ማሳ ዳር ብትቆሙ ነገሩ ይገባችኋል። ሞፈርና ቀንበሩ ግድግዳ ተደግፎ ይውላል። በሬዎቹ መስክ ላይ ናቸው። ጅራፍ አይጮህም። የሚያርስ ሰው ካለ ከሩቅ ይታያል። "እገሌ በሰንበት ጠመደ" መባል ደግሞ ቶሎ የሚረሳ ስም አይደለም። ይሄ ይሉኝታ ጭቆና የሚመስለው ሰው ይኖራል። እኔ ግን ትልቁን ጥቅሙን የማየው ለድሃው ነው። ተቀጥሮ የሚያርሰው፣ በሬ ለምኖ የሚያርሰው፣ የሰው መሬት የእኩል የሚያርሰው፣ ሁሉም ሰው ካቆመ እሱም ሳይሳቀቅ ማቆም ይችላል። ባለጠጋው እያረሰ እሱ ቢያርፍ ወደኋላ ይቀራል። ሁሉም ሲያርፍ ግን ማንም ማንንም አይቀድምም።

ዛሬ እየተሸረሸረ ያለው ይሄ አብሮ ማቆም ነው። እምነቱ አለ። ቤተ ክርስቲያኑም በሰው ሞልቶ ይታያል። የጠፋው የጋራ ሰዓቱ ነው።

ተጉለት ላይ የተዘጋው ክርክር

የሰንበት ጉዳይ ለሰሜን ሸዋ እንግዳ አይደለም። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ስለ ቅዳሜ የነበራትን ረጅም ክርክር የዘጋችው እዚሁ ተጉለት ውስጥ፣ ደብረ ምጥማቅ ላይ ነው። ከዚያ በፊት የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ቅዳሜም እንደ እሁድ ይከበር በማለታቸው ለአሥርት ዓመታት ተገፍተዋል። ኤዎስጣቴዎስ ራሳቸው አገር ጥለው ሄደው በአርመን ምድር ነው ሕይወታቸው ያለፈው። በሌላ ወገን የደብረ ሊባኖስና የሐይቅ አባቶች የእስክንድርያን ሥርዓት ይዘው እሁድ ይበቃል ይሉ ነበር። ዐፄ ዳዊት እ.ኤ.አ. በ1404 የኤዎስጣቴዎስ ልጆች ሰንበታቸውን እንዲያከብሩ ፈቀዱላቸው። ልጃቸው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1450 ሁለቱንም ወገን ደብረ ምጥማቅ ላይ ሰበሰቡ። ግብፃውያኑ ጳጳሳት አቡነ ሚካኤልና አቡነ ገብርኤልም ተስማሙ። ቅዳሜም እሁድም እንዲከበሩ ተወሰነ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ንጉሡ ደብረ ብርሃንን ቆርቁረው እዚያው ተቀመጡ።

ይሄን ታሪክ የማነሳው ለኩራት ብቻ አይደለም። የቅዳሜ ወገኖች ከሚጠቅሷቸው መጻሕፍት አንዱ ሲኖዶስ የተባለው የቤተ ክርስቲያን የሥርዓት መጽሐፍ ነበር። እዚያ ላይ ስለ አገልጋዮች የተጻፈ ሥርዓት አለ፤ አምስት ቀን ይሥሩ፣ ቅዳሜና እሁድ ግን ቤተ ክርስቲያን ሄደው እንዲማሩ ነጻ ይሁኑ ይላል። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 5ን ብታነቡም ያው ነው። ትእዛዙ "አንተ እረፍ" ብሎ አያበቃም። ሎሌህ፣ ገረድህ፣ በሬህ፣ አህያህ፣ በደጅህ ያለው እንግዳ እያለ ይቆጥራል። ምክንያቱንም ይናገራል፤ አንተም በግብፅ ባሪያ ነበርህና አስታውስ ይላል። እንግዲህ ሰንበት ከጥንቱ የተሰጠው አዛዥ ላለበት ሰው ነው። ራሱን የሚያዝ ሰውማ ማክሰኞም ማረፍ ይችላል።

ዐፄ ገላውዴዎስ እ.ኤ.አ. በ1555 በጻፉት የሃይማኖት መግለጫ ሌላ ጠቃሚ ነገር አለ። ቅዳሜን የምናከብረው ውሃ ባለመቅዳት፣ እሳት ባለማንደድ፣ ምግብ ባለማብሰል፣ ከቤት ወደ ቤት ባለመሄድ አይደለም አሉ። ቅዳሴ በመቀደስና የፍቅር ማዕድ በማብላት ነው አሉ። በእኛም ሥርዓት በሰንበት ጾም አይዋልም፤ በሁዳዴ እንኳ ቅዳሜና እሁድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሆድን ባዶ ማዋል የለም። ከዚህ የሚወጣው የትንሣኤ ዋዜማ የሆነው ቀዳም ስዑር ብቻ ነው። ስግደትም አይሰገድም። ሥጋም ያርፋል ማለት ነው።

ያ የፍቅር ማዕድ ዛሬም አለ። ሰሜን ሸዋ ላይ ሰንበቴ የሌለው ደብር ማግኘት ይቸግራል። ቅዳሴ ሲያልቅ ማኅበርተኛው በቅጥሩ ውስጥ ወዳለው ሰንበቴ ቤት ይገባል። ተረኛው ወይም ተረኛዋ ዳቦ፣ ንፍሮ፣ ጠላ ይዘው ይቀርባሉ። ካህኑ ይባርካል። የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው፣ ቦታ ቦታ ያስይዛል። የኔ ቢጤውም ድርሻውን ያገኛል። ከዚያ ወሬ ይጀመራል፤ የማን ላም ወለደች፣ ማን ታመመ፣ ማን ከማን ተኳረፈ። የተኳረፈ ካለ ጽዋውን ከመቅመሱ በፊት ይታረቃል። የሞተ ካለ ለቅሶው እንዴት እንደሚደረስ እዚያው ይነጋገራሉ። እኔ በበኩሌ ከዚህ የተሻለ እረፍት አላውቅም። ሰው ሥራ ፈቶ ሳይሆን ከሰው ጋር ሆኖ ነው የሚያርፈው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። ያን ጠላ ማን ጠመቀው? ጌሾው ይወቀጣል፣ ብቅሉ ይፈጫል፣ ጥንስሱ ይጠነሰሳል፣ ድፍድፉ ይደፈደፋል። ከቀናት በፊት የሚጀመር ሥራ ነው። ዳቦው ቅዳሜ ማታ ይጋገራል፤ ምድጃ ሥር እሳት ስትማግድ የምታመሸው ሴት እሁድ ጎህ ሲቀድ ማሰሮ ታሸክማለች ወይም ራሷ ትሸከማለች። ለተረኛው ቤት እመቤት ሰንበት ከሁሉም የከበደ የሥራ ቀን ነው። እረኛውም በሰንበት ከብቱን ይዞ ይወጣል። ድሮም ቢሆን እረፍቱ እኩል አልደረሰም። ይሄን እያየን ነው ስለ ዛሬው መነጋገር ያለብን።

ደብረ ብርሃን፣ ፈረቃና ሕጉ

ደብረ ብርሃን ዛሬ የፋብሪካ ከተማ ናት። ብርድ ልብስ ፋብሪካው ከጃንሆይ ዘመን ጀምሮ አለ። ቢራ ፋብሪካዎች መጡ። በ2011 ኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል መራቋ፣ ብርዱም ቢሆን፣ ለባለሀብቱ ተስማማ። ከመንዝ፣ ከተጉለት፣ ከባሶና ወራና ገጠር ስንት ወጣት ሥራ ፍለጋ ወርዷል፤ ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው። ሥራ መገኘቱ ትልቅ ነገር ነው። በዚህ ላይ ክርክር የለኝም።

ግን የፈረቃን ኑሮ ቀረብ ብላችሁ እዩት። ሦስት አራት ልጆች ኪራይ ተካፍለው አንዲት ክፍል ይይዛሉ። አንዷ የማታ ፈረቃ ናት፣ ሌላዋ የጠዋት። አንዷ ስትተኛ አንዷ ሽንኩርት ታቁላላለች። የአንዷ እረፍት እሁድ ሲሆን የሌላዋ ረቡዕ ነው። ሁሉም በሳምንት አንድ ቀን አላቸው፣ አብረው የሚቀመጡበት ግን የላቸውም። እሁድ ሥራ የምትገባዋ ጠዋት መንገድ ዳር ቆማ ሰርቪስ ስትጠብቅ ነጠላ የለበሱ እናቶች በአጠገቧ ያልፋሉ። ረቡዕ የምታርፈው ልጅ ቀኑን ምን ታደርግበታለች? ቅዳሴው ቢኖርም ሰንበቴው የለም። ጓደኛ ሥራ ላይ ነው። ልብስ ታጥባለች፣ ትተኛለች፣ ስልክ ትነካካለች። ማግስቱን ደግሞ ሰርቪስ።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ሕጋችን ይሄን ማሰቡ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በየሰባት ቀኑ ውስጥ ሳይቆራረጥ ቢያንስ 24 ሰዓት እረፍት ያዛል። ያ ቀን በኅብረት ስምምነት ሌላ ካልተባለ በተቻለ መጠን እሁድ ነው። ከዚህም አልፎ በተቻለ መጠን ለድርጅቱ ሠራተኞች በሙሉ በአንድ ጊዜ ይሰጥ ይላል። የጋራ ሰዓት ማለት ይሄው ነው፤ ሕግ አውጪው ከገጠሩ ልማድ ጋር ተስማምቷል። ሥራው በባሕርይው ሊቋረጥ የማይችል ወይም ለሕዝብ አገልግሎት የግድ የሆነ እንደሆነ ሌላ ቀን መተካት ይቻላል። ሆስፒታል በእሁድ አይዘጋም፤ ይሄ የማያከራክር ነው። በጉድጓድ የወደቀን በሬ በሰንበት ማውጣት ወንጌልም የፈቀደው ነው። ጥያቄው እሁድ የሚሠሩት ሥራዎች በሙሉ በእርግጥ እንዲህ ዓይነት ናቸው ወይ ነው። ለውጭ ገበያ የሚሰፋ ሸሚዝ በአንድ እሁድ ምክንያት አይበላሽም።

ሌላም አለ። መደበኛው የሥራ ጊዜ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ትርፍ ሰዓት ደግሞ በሳምንት እስከ 12 ይፈቀዳል። ደምሩት፣ 60 ይመጣል። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጥናት በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ጋር ሲነጻጸር በስትሮክ የመመታት አደጋው 35 በመቶ ይጨምራል። በልብ ሕመም የመሞቱ አደጋ ደግሞ 17 በመቶ ከፍ ይላል። እንግዲህ ሕጉን ሳይጥሱም ሰው የሚታመምበት ደረጃ ላይ መድረስ ይቻላል። "ኦቨርታይም እንሥራ" የሚሉት ራሳቸው ሠራተኞቹ ናቸው የሚል መልስ እሰማለሁ። እውነት ነው። በእረፍት ቀን የሠራ የሰዓት ክፍያው 2 እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል የሠራ 2.5 እጥፍ ነው። ደመወዙ ኪራይና አስቤዛ ካልሸፈነ ሰው እሁዱን ይሸጣል። የሸጠውን ሰው መውቀስ አይቻልም። መነሻ ደመወዙን ነው ማየት ያለብን።

ከፋብሪካው ውጪ ያለው ሠራተኛ ደግሞ ይሄም የለውም። ባለባጃጁ፣ ጉሊት የምትቸረችረው፣ የቀን ሠራተኛው፣ ከቀየው ተፈናቅሎ መጠለያ ውስጥ ያለው፤ አንድ ቀን ከቀረ የዚያን ቀን እንጀራ ይቀራል። ለእነዚህ ሰዎች "ሰንበት አክብሩ" እያልኩ መስበክ አልችልም። እነሱ እንዲያርፉ የሚያደርገው ስብከት ሳይሆን ከሥራ ቀናቸው የምትተርፍ ገንዘብ ናት።

እረፍት የሚመስሉ ነገሮች

የቢሮ ሠራተኛው ቅዳሜና እሁድ ቤቱ ነው። የቢሮው ቴሌግራም ግሩፕ ግን አይዘጋም። እሁድ ከሰዓት ቡና ተፈልቶ ሁለተኛው ሲቀዳ ስልኩ ይንጫጫል፦ "ሰላም እንዴት ዋላችሁ፣ የሩብ ዓመቱ ሪፖርት ነገ ጠዋት ይፈለጋል።" ማንም ሥራ ግባ አላለውም። ግን ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሰውየው ቡናው ላይ የለም። ሚስቱ ታወራዋለች፣ "እህ" ይላል። ይሄን መልእክት ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ መላክ አለቃውን ምንም አያስከፍለውም። ልጆችም አልተረፉም፤ ቅዳሜ ማጠናከሪያ፣ እሁድ ማጠናከሪያ። ከሰኞ እስከ አርብ ተምሮ ያልገባው ልጅ በሰባተኛው ቀን ይገባዋል ብሎ ማሰብ ከባድ ነው።

ሌላው የሚያሳዝነኝ መቆምን እንደ እረፍት መቁጠር ነው። ባለፉት ዓመታት በጸጥታው ችግር መንገድ የሚዘጋበት፣ ሱቅ የማይከፈትበት፣ ሰው በጊዜ ቤቱ የሚከተትበት ቀን ብዙ ነበር። ቤት መዋል ነበር፣ እረፍት ግን አልነበረም። ጆሮ ውጭ ነው፣ ልብ መንገድ ላይ ያለው ልጅ ጋ ነው። ሰው የሚያርፈው ነገ እንደሚመጣ ሲያምን ነው። ሰላም በሌለበት ስለ ሰንበት መጻፍ ጎዶሎ መሆኑን አውቃለሁ፤ ቢሆንም ሰላሙ እስኪመጣ ብለን የምንተወው ነገር አይደለም።

"በዓል በዛ" የሚለውስ?

ይሄ ክርክር በግብርና ባለሙያዎች ዘንድ የቆየ ነው። ገበሬው ቅዳሜና እሁድን አይጠምድም። በዚያ ላይ 12 ሚካኤል፣ 19 ገብርኤል፣ 21 ማርያም፣ 23 ጊዮርጊስ፣ 27 መድኃኔዓለም፣ 29 ባለወልድ አለ። እነዚህን ስድስት ብቻ ብትቆጥሩና ከሰንበት ጋር የሚገጥሙትን ብታቀናንሱ ከ30 ቀን ወደ 13 ገደማ ይመጣል። የየአጥቢያው ታቦት ሲጨመር ከዚያም ያልፋል። አዝመራ ደርሶ ያለወቅቱ ዝናብ ሲያስፈራራ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

የኔ ሐሳብ እንዲህ ነው። ወርኃዊውን በዓል ከሰንበት ጋር አንድ ላይ ማሰር አይገባም። በየወሩ የሚውለው የትኛው በዓል ሞፈር እንደሚያሰቅል ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ አንዱ ቀበሌ የሚያከብረውን ጎረቤቱ ያርስበታል። እዚያ ላይ የንስሐ አባቶችና ሽማግሌዎች ተነጋግረው የሚያቀሉት ነገር ይኖራል። ቤተ ክርስቲያን ሄዶ አስቀድሶ፣ ከሰዓት ክምር መከመር የሚቻልበት መላ አይጠፋም። የሳምንቱ ሰንበት ግን ሌላ ነው። እሱ ከተነካ ሰውም በሬም የሚተነፍሱበት ቀን አይኖርም። "እንዳናድግ ያደረገን በዓል ነው" የሚለውን ደግሞ ጨርሶ አልቀበለውም። የሰሜን ሸዋ ገበሬ ማሳው ጠባብ ነው፣ አፈሩ ታጥቧል፣ ማዳበሪያው ተወዷል፣ ዝናቡ ይዘገያል። ይሄን ሁሉ ትቶ የሰውየውን እሁድ መቁጠር ፍርደ ገምድልነት ነው።

እንዲያውም ማረፍ ምርትን እንደሚጠብቅ መንዝ ከማንም በፊት ያወቀ አገር ነው። የጓሳን የጋራ ሣር ምድር ተመልከቱ። ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ሕዝቡ የራሱን ሥርዓት አውጥቶ ያንን ሣር ለዓመታት እየዘጋ ያሳርፈው ነበር። ሁሉም እኩል ይከለከላል፣ ሲከፈት ሁሉም እኩል ያጭዳል። ጎጆ የሚከደነው በዚያ ሣር ነው። ሥርዓቱ የጸናው እያንዳንዱ ሰው ጠባየ መልካም ስለሆነ አልነበረም። አንድ ሰው በስርቆት ገብቶ ቢያጭድ የሌላው መታገሥ ከንቱ ስለሚሆን ሁሉም ጠባቂ ነበር።

በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ፣ በይፋትና በአርጎባ በኩል ያሉት ሙስሊም ወንድሞቻችንም ይሄን በሌላ መልክ ያውቁታል። የጁምዓ ጥሪ ሲሰማ መሸጥ መግዛቱን ተዉ ይላል ቁርኣኑ፤ ሶላቱ ሲያልቅ ደግሞ በምድር ተበተኑ፣ ከአላህ ችሮታ ፈልጉ ይላል። ቀኑን ሙሉ መዋል አይደለም፤ ግን ያቺን ሰዓት ሁሉም አብሮ ያቆማል። ባለሱቁ ጎረቤቱ ስለዘጋ ደንበኛ ይሄድብኛል ብሎ አይሰጋም።

ታዲያ ከየት እንጀምር? ፋብሪካ የሚያስተዳድር ሰው ሦስት ነገር ቢያደርግ ብዙ ይለወጣል። የፈረቃ ሰሌዳውን ከወር በፊት ይለጥፍ፤ ልጅቷ መቼ አገሯ ሄዳ እናቷን እንደምታይ ትወቅ። እሁድ የግድ ከሆነ ቢያንስ በወር ሁለቱ እሁድ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ይድረስ። አብረው የሚኖሩ ልጆች እረፍታቸው እንዲገጥም ሲጠይቁ ደግሞ እንደ ቅብጠት አይታይባቸው። የሠራተኛ ማኅበራትም ስለ ክፍያ ሲደራደሩ ስለ ቀኑም ይደራደሩ፤ አዋጁ በሩን ከፍቶላቸዋል።

ሰንበቴዎች ደግሞ ድግሱን ቢያቀሉት ደስ ይለኛል። ዳቦና ቆሎ ማንንም አያሳፍርም። ጠላው ቢቀር ሴቶቹ ቅዳሜ ማታ ይተኛሉ፣ እሁድ እነሱም ቁጭ ብለው ይሰማሉ። ፈረቃ የሚገቡ ወጣቶች እሁድ ካልቻሉ ሰንበቴው በየወሩ አንድ የሥራ ቀን ማታ ቢሰበሰብላቸው ሥርዓት አይፈርስም።

የመጨረሻው በየቤታችን ነው። የቤት ሠራተኞችን የግል አገልግሎት ተብሎ አዋጁ አይሸፍናቸውም፤ ስለዚህ የእነሱ ሰንበት ያለው በአሠሪዋ እጅ ብቻ ነው። ቤተሰቡ አስቀድሶ ሲመለስ ምሳው ቀርቦ ይጠብቃል። "እትዬ፣ ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ልሳም?" ትላለች ልጅቷ። "ዕቃውን ጨርሺና" ይመለስላታል፤ ዕቃው ሲያልቅ እንግዳ ይመጣል፣ ቡና ይፈላል፣ ይመሻል። ቅዳሜ ማታ ወጡን አብስሎ ማሳደር ይቻላል። ቀኗ እሁድ ከሆነ አርብ ላይ ይነገራት፣ ከጠዋት እስከ ማታ የራሷ ይሁን፣ የትራንስፖርት ብር ይሰጣት፣ ወጥታ ሳለች ስልክ አይደወልላት። ዕቃው እስከ ሰኞ ቢቆይ ምንም አይሆንም።